አዴ ራዲዮ ትሰማለች

ስለ ራሴ ክፉ ማውራት አልወድም። ልጆቼም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ "እማዬ ተሳስታ አታውቅም" እያሉ ይቀልዱብኛል። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ቤት መጥታ ስለ ሥራዋ ስታወራኝ ዋለች። እሷም እንደኔ አስተማሪ ሆናለች። "እማማ፣ አሁን እኮ ግማሹን ትምህርት በኢንተርኔት፣ ግማሹን በክፍል ነው የምንሰጠው። ቪዲዮው ያስተምራል፣ እኔ ደግሞ እየተከተልኩ አስረዳለሁ። አዲስ አሠራር ነው" አለችኝ።

"ኧረ ወዲያ! እኛ በደርግ ጊዜ ሲሬ ላይ በራዲዮ ሠርተነዋል። ምኑ ነው አዲሱ?" አልኳት።

"እሺ እንዴት ነበር? ንገሪኛ!" ብላ ወንበሯን ወደኔ ሳበች። እኔ ነኝ ያልኩት ወሬኛ ግን "ምሳ በልተሻል?" ምናምን ብዬ ነገሩን አሳለፍኩት። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ።

የተወለድኩት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ጨውና ሳሙና እየቸረቸረ ሱቅ ያቆመ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ጉራግኛ፣ ባንኮኒው ላይ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ ስላደግኩ ምላሴ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እናቴ "ይቺን ልጅ አንድ ቀን አፏ ያስጠይቃታል" ትል ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቴ አስተማሪ ሆኜ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ሲሬ ተመደብኩ። ጠዋት ሕፃናቱን አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀበሌው በስም ጥሪ የሚልክልኝን የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፣ ፊደል አስቆጥራለሁ። ልቤ ግን ነቀምቴ ነበር። የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ መልሱን ቀን ከቀን እጠብቅ ነበር።

ለአዋቂዎቹ ክፍል አንድ ራዲዮ ተሰጥቶን ነበር፤ ባትሪ ድንጋይ የማይጠግብ ትልቅ ሣጥን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ትምህርት ይተላለፍበታል። የምታስተምረው ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። በአማርኛ ታስረዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያም ተማሪው እንዲመልስ ትንሽ ዝም ትላለች። ዝምታው ሲያልቅ "ጎበዞች! በጣም ጥሩ!" ብላ ትቀጥላለች። የእኔ ሥራ በዚያች ዝምታ ውስጥ ፈጠን ብዬ በኦሮምኛ ማስረዳትና ማስመለስ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደግሞ የሰሙትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስነበብ ነበር። ሴትዮዋ የምትለው ሁሉ፣ ዝም የምትልበት ቦታ ሳይቀር፣ አስቀድሞ በሚላክልኝ የመምህር መምሪያ ላይ ተጽፏል።

ያቺ ዝምታ ነበረች ያስቸገረችኝ። እናቶቹ ለሣጥን መመለስ አፈሩ። ሴትዮዋ ስትጠይቅ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንድም ሰው ሳይመልስላት "ጎበዞች!" ስትል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥለው ይስቃሉ። እኔ ብቻዬን ስጮህ እውላለሁ።

አንድ ማክሰኞ መምሪያውን ሳነብ፣ ሴትዮዋ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ "ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፃችሁ አልተሰማኝም" እንደምትል አየሁ። ክፋት አልነበረብኝም፤ ቀልድ ሲመጣብኝ ግን አልችልም። ጥያቄው ሲደርስ "የኋለኞቹ ለዚህ አትመልሱ፣ የፊተኞቹ ብቻ ይሞክሩ" አልኩ። የፊተኞቹ እንደምንም መለሱ።

"ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፃችሁ አልተሰማኝም" አለች ራዲዮዋ።

ወይ ጉድ! ክፍሉ ተተራመሰ። አንዷ እናት ብድግ ብላ ለሣጥኑ እጅ ነሳች። "ትሰማለች እንዴ?" ብለው አፈጠጡብኝ።

"ታዲያስ! ዝም ስትሏት ትቀየማለች" አልኳቸው። አፌን በቆረጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌን የሚያህል ንቁ ክፍል በአካባቢው አልነበረም። ስም አወጡላት፤ አዴ ራዲዮ። አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ማለት ነው። ሲገቡ "አካም ጅርታ፣ አዴ ራዲዮ" ብለው እንደ ጎረቤት ሰላም ይሏታል። እንዳትስቁባቸው፤ ሞኞች አልነበሩም። አንዷ ተማሪዬ አዴ ዲንቄ እንዲህ ብለው አስረድተውኛል፦ "ነቀምቴ ስልክ ሲነጋገሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ሆነው የተናገሩትን ፊንፊኔ ያለው ይሰማል። ስልክ ከሰማ ራዲዮ የማይሰማው ምን ሆኖ ነው?" እኔም ሳቅኩና ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ።

አዴ ዲንቄ ወደ አርባ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ገመቹ ይባላል። ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሦስቱንም ያነበበላቸው የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ እሱም ቆሞ፣ እየተጣደፈ። "ልጄ የጻፈልኝን እየዘለለ ነው የሚያነብብኝ፤ ሲዘል ይታወቀኛል" ይሉ ነበር። ሌላው በስም ጥሪ ተገዶ ሲመጣ እሳቸው ቀድመው የሚደርሱት ለዚህ ነው። የልጃቸውን ደብዳቤ በራሳቸው ዓይን ማንበብ ፈለጉ። አራተኛ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ዓመት ሞላ። የሚጸልዩበት ቤት በዚያ ዘመን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር በጓዳቸው ነበር የሚጸልዩት። እኔ በጊዜው ያላወቅኩት ነገር ቢኖር፣ በራዲዮዋ ዝምታ ውስጥ ሌላው "ለ፣ ሉ" ሲል እሳቸው በለሆሳስ የገመቹን ስም ይናገሩ እንደነበር ነው። ጎናቸው የምትቀመጠው ሴት ናት በኋላ የነገረችኝ።

ሐሙስ ነበር። ውቂያው አልቋል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። የዚያን ዕለት ከአውራጃው አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተራ ተቆጣጣሪ እንዳይመስላችሁ፤ የዝውውር ማመልከቻዬ የሚገኘው የእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ትምህርቱ ስለ እንግዳ አቀባበል ነበር። ራዲዮዋ "ውድ ተማሪዎች፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። እናንተ የምትጠብቁት ማንን ነው? ተናገሩ" አለችና ዝም አለች።

ላስረዳ አፌን ስከፍት አዴ ዲንቄ ከፊት ወንበር ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለራዲዮዋ ጎንበስ አሉና፣ ለቀናት ሲለማመዱት በከረሙት አማርኛ "ልጄን ነው፣ አዴ ራዲዮ። ገመቹን ነው። ከሄደ ሁለት ዓመት፣ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ሆነ። ማሎ፣ እባክሽ፣ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉ።

"ጎበዝ! በጣም ጥሩ!" አለች ራዲዮዋ። "እንግዲህ ቅዳሜ አውቶቡስ ጣቢያ እንገናኛለን። እንግዳችንን አብረን እንቀበላለን።"

እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። ሴቶቹ አዴ ዲንቄን አቅፈው ይዘላሉ፣ ያለቅሳሉ። እሳቸው እጃቸውን ራዲዮው ላይ አድርገው እንደ ቆሙ ቀሩ። መምሪያው እኔ እጅ ላይ ነው። የቅዳሜው ትምህርት ርዕስ "በአውቶቡስ ጣቢያ" የሚል ነው፤ ጠዋት አንብቤዋለሁ። "ቁጭ በሉ፣ ይህ ትምህርት ነው፣ ለማንም የተባለ አይደለም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዞር ስል ተቆጣጣሪው እየሳቀ ይጽፋል። ለሰውየው ተማሪዎቼን ያታለልኩበትን ነገር ልግለጥለት? ዝውውሬስ? ካለቀ በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ዋጥኩት።

ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ይዞኝ ቀረ። "እንዲህ ያለ ተሳትፎ የትም አላየሁም። የራዲዮው ትምህርትና የክፍሉ ትምህርት እንዲህ ሲዋሃድ ነው የምንፈልገው! የዝውውርሽን ነገር ለኔ ተይው" አለኝ። እሱን ሸኝቼ ስወጣ ሴቶቹ ሄደዋል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። አዴ ዲንቄ ለገመቹ ያሰፉለትን ነጭ ሸሚዝ ዘርግተው ያሳያሉ። እኔን ሲያዩ ሮጠው መጥተው እጄን ሳሙኝ፤ የእኔን፣ የልጃቸውን እኩያ እጅ! "ባርሲስቱ፣ አንቺ ባታገናኚኝ ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር?" አሉኝ። ባርሲስቱ አስተማሪዋ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እላለሁ? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። የቀረበልኝን እርጎ ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ። አዎ፣ መርቄ።

ዓርብ ሕፃናቱን ለቅቄ እየሮጥኩ ስሄድ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው "ነቀምቴ ሄዱ እኮ! ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው በጭነት መኪና ተሳፈሩ" አለችኝ። አውቶቡስ ጣቢያ ያለው ነቀምቴ ነዋ። ከፊንፊኔ የሚመጣው አውቶቡስ በሲሬ ቢያልፍም የተነገራቸው "ጣቢያ" ተብሎ ነው።

በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ኦቦ ታሲሳ ሄድኩ። ከበሩ ጀምሬ ጮህኩባቸው። "ኦቦ ታሲሳ! ለአዴ ዲንቄ የይለፍ ወረቀት የሰጡት ምን አስበው ነው? ራዲዮ እኮ አይሰማም!"

"ይህን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?" አሉኝ። "በሩን ዝጊው።"

ዘጋሁት። መሳቢያቸውን ከፍተው ቡናማ ፖስታ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልሰጡኝም። "ከመጣ አራት ወሩ ነው" አሉ።

"ገመቹ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ወረቀቱ ሲመጣ እህሉ ማሳ ላይ ነበር" አሉ ኦቦ ታሲሳ። "ሽማግሌዎቹ አጨዳው ይለፍላቸው አሉ። አለፈ። ውቂያው ይለቅ አሉ። አለቀ። ከዚያ እኔ ፈራሁ። ልጁን ከእናቱ ጉያ አውጥቼ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እዚህ እየመጡ 'ደብዳቤ የለም?' ሲሉኝ 'የለም' እላለሁ፤ ፖስታው ጉልበቴ ሥር እያለ። አንቺ ደግሞ ይኸው ይመጣል አስባልሻቸው። ከዚህ በኋላ ማቆየት ግፍ ነው።"

"ምን እናድርግ ታዲያ?"

"የይለፉን የሰጠኋቸው ወንድማቸው ደበላ ነቀምቴ ስላለ ነው፤ ሰው ልኬበታለሁ። ዘመዶቹ ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ያረዷቸዋል። አንቺ ቅዳሜ ሄደሽ አብረሻቸው ዋዪ፤ አውቶቡሱ ያለ ልጃቸው ሲመጣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። አፍሽን ግን ያዢ! መርዶ ወግ አለው። ተቀምጠው፣ ወገናቸው ከቧቸው፣ በቤት ነው የሚሰሙት። ልጃቸውን ለመቅበር አልታደሉም፤ መርዶውን እንኳ እንደ ሰው ይስሙ።"

"እይዛለሁ" አልኩ። በአባቴ ስም ማልኩላቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነቀምቴ ጣቢያ ስደርስ አዴ ዲንቄ ከግንቡ ሥር ቆመዋል። ሸሚዙን በፌስታል ይዘዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ባርሲስቱ! አንቺም ልትቀበዪልኝ መጣሽ? ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ!" ብለው አመሰገኑኝና ልጄ እያሉ አቀፉኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ቁጭ በሉ ስላቸው እምቢ አሉ፤ ሲወርድ ቆሜ ይየኝ አሉ። ስለ ገመቹ ያላወሩኝ የለም። ግራኝ ነበር። በግራ እጁ በመጻፉ አስተማሪው ሲመታው "ቀኝ እጄን ለእማዬ ሥራ ነው የማቆየው" ብሎ ሰውን ያስቃል። ጎመን አይወድም። ከመቀነታቸው ሦስቱን ደብዳቤዎች አውጥተው አንዱን ዘረጉና በጣታቸው እየተከተሉ "ይድ...ረስ... ለው...ድ... እና...ቴ" ብለው አነበቡልኝ። "የቀረውን እሱ ራሱ ያነብልኛል" አሉ። ዓይኔን ወደ ገበያው አዞርኩ። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ሁለት ጊዜ የኦቦ ታሲሳ ነገር ትዝ አለኝ። ወንድማቸው ደበላ እንኳ ከጣቢያው ማዶ ቆሞ ከሩቅ ያየናል፤ መቅረብ አቅቶታል።

አውቶቡሱ አቧራ ለብሶ መጣ። አዴ ዲንቄ በሩ ላይ ቆሙ። የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ሁለት ወታደሮች ወረዱ፤ የሁለቱንም ክንድ ይዘው ፊታቸውን አዩና ለቀቁ። አንዲት እናት ዶሮ ይዛ ወረደች። አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ከዚያ ማንም አልወረደም።

"ሌላ ሰው የለም?" አሉት ረዳቱን።

"አለቀ እማማ" ብሎ በሩን ዘጋው።

ይወድቃሉ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን "ሰዓቱ አልደረሰማ! አዴ ራዲዮ የምትመጣው በአሥር ሰዓት አይደለም? ነይ፣ ራዲዮ ያለበት እንግባ፤ ራሷን እጠይቃታለሁ" አሉኝ።

"አዴ ዲንቄ፣ ወንድምዎ ቤት እንሂድ። ደክሞዎታል።"

"አልደከመኝም!"

ጎትተውኝ ጣቢያው ጥግ ያለ ሻይ ቤት ገቡ። ባለቤቱ የአባቴ አገር ሰው ነው፤ ያውቀኛል። መደርደሪያው ላይ ራዲዮ አለ። በዓይኔ እንቢ በል እያልኩት እሳቸው ሲለምኑት፣ ደግ ሰው ነውና "ምን ችግር አለው እናቴ" ብሎ ከፈተላቸው። ያቺ ለስላሳ ድምፅ መጣች።

"ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ አውቶቡስ ጣቢያ ነን።"

"አላልኩሽም?" ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ከራዲዮው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። "አውቶቡሱ ቆመ። እንግዳችን ወረደ። እስቲ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙን ጥሩት!" አለችና ዝም አለች።

"ገመቹ!" ብለው ጮኹ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞረ። እሳቸው በሩ ላይ ደርሰው ባዶውን ግቢ ያያሉ።

"አሁንም ጥሩት!"

"ገመቹ! ገመቹ ኢልማ ኮ! ልጄ!"

"ጎበዞች! በጣም ጥሩ!" አለች ራዲዮዋ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ሳቃቸው አመለጣቸው። አንደኛው ድምፃቸውን አስመስሎ "ገመቹ!" አለ። ሌሎችም ሳቁ።

ያኔ መሐላው ጠፋኝ። "አትሰማዎትም!" ብዬ ጮህኩ። "አዴ ዲንቄ፣ አትሰማም! ማንንም አትሰማም! እኔ ነኝ የዋሸሁዎት!"

ቀስ ብለው ዞሩ። "አትሰማም?"

"አትሰማም።"

"የኋለኞቹ አልተሰማችሁኝም ያለችውስ?"

"መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ነበር። አስቀድሜ አንብቤው ነው።"

"እኔን ጎበዝ ያለችኝስ?"

"እሱም ተጽፎ ነው።"

"ገመቹ ቅዳሜ ይመጣል ያለችውስ?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ግቢው ዞሩ። ወንድማቸው ከማዶ የቆመበትን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ታዲያ አንቺ" አሉ፣ "ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

አፈኛዋ እኔ፣ በሦስት ቋንቋ የምለፈልፈው እኔ፣ አንድ ቃል አጣሁ። መዋሸቴን ለመንገርማ ሲሬ ላይ ይነገር ነበር። ለዚህ ብቻ ብሎ ነቀምቴ ድረስ የሚመጣ የለም። ገባቸው። ፊቴን እያዩ ገባቸው።

ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ እዚያው የሲጋራ ቁራጭና የሻይ አተላ ያለበት ወለል ላይ ተቀመጡና "ኢልማ ኮ!" አሉ። ጩኸቱን አልገልጽላችሁም። የሳቁት ጎረምሶች ብድግ ብለው ቆሙ። ባለቤቱ ራዲዮውን ዘግቶ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ደበላ እየሮጠ ሲደርስ እህቱ የልጇን መርዶ በማያውቋት ሰዎች መካከል፣ ቆማ ሰምታ አብቅታለች። ዘመዶቹ እሑድ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ያገኙት መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይሆን የሚያጽናኑት ሰው ነው። ኦቦ ታሲሳ ያን ጧት አላናገሩኝም። ምን ብለው ያናግሩኝ?

አዴ ዲንቄ ከወር በኋላ ክፍል መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ፖስታውን ከኦቦ ታሲሳ ተቀብለው አስቀምጠውታል፤ ጸሐፊውም ወንድማቸውም እንዳያነቡላቸው ከልክለዋል። እኔን ደግሞ "ከሰው አፍ አልሰማም። ከአንቺም። አስተምሪኝ፣ እኔው አነበዋለሁ" አሉኝ። ራዲዮዋ ስትጠይቅ በመስኮት ውጭውን ያያሉ። እሷ ስታበቃ ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ። እኔም ለክፍሉ እውነቱን ተናገርኩ። ሴቶቹ አልሰደቡኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ለራዲዮዋ ማንም አልመለሰላትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አዴ ዲንቄ ቆዩና ፖስታውን ከፈቱ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ማዕረጉን፣ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም። አንድ ፊደል ላይ ሲቸገሩ ልረዳቸው ስል እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅባቸው አልቀረም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው፣ አዴ ዲንቄ።"

"አጭር ነው" አሉ። አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዝውውሬ በመስከረም ደረሰ። ተቆጣጣሪው ቃሉን ጠብቋል፤ በዚያ በሐሙሱ ተሳትፎ ተመስግኜ ነቀምቴ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ "የላቀ አሠራር" የሚል ነበረበት። ቀድጄ ልጥለው ፈልጌ ነበር፤ አልቀደድኩትም። ነቀምቴን ፈለግኋታ።

ተማሪን አታልዬ ማስተማር የተውኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይነት ዕቃ መጣ፤ ካሴት መጣ፣ ፕላዝማ መጣ፣ አሁን ደግሞ በእጅ የሚያዘው መጣ። እኔ ማስተማሬን እስካቆምኩበት ቀን ድረስ ዕቃውን ከመክፈቴ በፊት "ይሄ ይናገራል እንጂ አይሰማም። የምትሰማችሁ እኔ ነኝ፤ ለኔ ንገሩኝ" እል ነበር። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። እናንተም አስተማሪ ከሆናችሁ፣ ወላጅ ከሆናችሁ፣ ይህችን ብቻ አደራ እላችኋለሁ። ተማሪው ጥያቄውን በልቡ ይዞ ማንን እያናገረ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ አልጠየቅሁም።

ይህን ብዬ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለልጅ ልጄ መንገር ያቃተኝም እሱ ነው።

ከሲሬ የወጣሁ ዕለት አዴ ዲንቄ ሊሸኙኝ መንገድ ዳር መጡ። አልጠበቅኋቸውም። የጭነት መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ክንዴን ያዙና "ደርሰሽ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የሚጽፍልኝ ሰው የለኝም፤ አንቺ ጻፊልኝ። አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ" አሉኝ።

"እጽፋለሁ" አልኩ።

ነቀምቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። "ይድረስ ለአዴ ዲንቄ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ምን ይባላል? እኔ ደህና ነኝ ልበላቸው? ይቅርታ ልበላቸው? ነገ እጽፋለሁ አልኩ። የሳምንቱ መጨረሻ ይሻላል አልኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ። ሲሬ እኮ ሩቅ አይደለም፤ በጭነት መኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። አልሄድኩም፣ አልጻፍኩም።

ከስንት ዓመት በኋላ ከሲሬ የመጣች አንዲት ሴት አባቴ ሱቅ ውስጥ አገኘችኝ። ያኔ ጎናቸው ትቀመጥ የነበረችው ናት። አዴ ዲንቄ ማረፋቸውን ነገረችኝ። "ፖስታ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ቀበሌው በር ላይ ይቀመጡ ነበር" አለችኝ። "ልጅዎ አርፏል፣ ምን ይጠብቃሉ ስንላቸው፣ የባርሲስቱን ደብዳቤ ነው ይሉን ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ትጽፋለች ይሉን ነበር።"

ልጃቸውን ጦርነት ነው የወሰደባቸው። ይሄኛውን ደብዳቤ ግን ያስጠበቅኋቸው እኔ ነኝ።